ያ 14 ሴንቲ ሜትር አይባክንም

«የምንኖረው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ 3 ሜትር በ2.80 ናት። በቁም ሣጥኑና በግድግዳው መካከል ስፋቱ 74፣ ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክፍት ቦታ አለ። እዚያ አኳሪየም ላስቀምጥ አስቤያለሁ። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 36 የሆነ የተዘጋጀ አግኝቼ ነበር፤ 14 ሴንቲ ሜትር ቦታ ከሚባክንብኝ ብዬ ተውኩት። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ ባለ 70 ሴንቲ ሜትር አሮጌውን በነፃ ሊሰጠኝ ነው፤ አንዱ ማዕዘን ላይ ትንሽ ያንጠባጥባል ብሎኛል። ሦስተኛው ምርጫ ራሴ መሥራት ነው። መስታወት የሚቆርጥ ጓደኛዬ የተረፈው ባለ 5 ሚሊ አለው። ወደ ጎን ቦታ ስለሌለኝ ወደ ላይ ልሂድ ብዬ 74 በ40፣ ከፍታው 60 አድርጌ ነድፌዋለሁ። ይችላል ወይ? ወለሉስ? ባለቤቴ ሌሊት ድምፁ አያስተኛንም፣ አንድ ቀን ፈንድቶ ያጥለቀልቀናል ትላለች። የ5 ዓመቱ ልጄ ደግሞ ሁለት ወርቃማ ዓሣ ካልገዛህ ብሎ ይዞኛል።»

ውድ ጠያቂያችን፣

መልሱን አስቀድሜ ልንገርዎና ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ያንን ባለ 60 አኳሪየም ተመልሰው ይጠይቁ፤ ካልተሸጠ ይውሰዱት። ከተሸጠ ወይም በገዛ እጅዎ መሥራቱ ካማረዎ ይሥሩ፤ አሠራሩን ከታች እጽፍልዎታለሁ። ግን በዚያው በ60 ልክ ይሁን እንጂ በነደፉት በ74 አይሁን። የሚያንጠባጥበውን ደግሞ አመስግነው ይተዉት።

ሰው ለአኳሪየም ቦታ ሲለካ ዕቃው የሚገባበትን ይለካል እንጂ እጁ የሚገባበትን አይለካም። ቁም ሣጥን አንዴ ከቆመ በኋላ ጎኑን ማንም አይነካውም። አኳሪየም ግን በየሳምንቱ የሚነካካ ዕቃ ነው። የጎን መስታወቱ ላይ የተረጨ ውኃ ደርቆ ነጭ ነጭ መስመር ይሠራልና በጨርቅ መወልወል አለበት። የፊልተሩ ጎማ፣ የማሞቂያው ገመድ፣ የአየር ቱቦው በሆነ በኩል መውረድ አለባቸው። 74ቱን ሴንቲ ሞልተው ቢያስገቡትና አንድ ቀን ከሥሩ እርጥበት ቢያዩ፣ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ውኃውን በሙሉ ቀድቶ ሣጥኑን ከመጎተት በቀር መንገድ የለዎትም። ደግሞም ግድግዳ እንደሚመስለው ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከታች 74 የሆነው ከላይ 73 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ክፍተቱን ከታች፣ ከመሐልና ከላይ ሦስት ቦታ ለክተው ከሆነ ጎበዝ ነዎት፤ አንድ ቦታ ብቻ ለክተው ከሆነ ግን ንድፉ ገና ከመነሻው አጠራጣሪ ነው።

ስለዚህ ባክኗል ያሉት 14 ሴንቲ ሜትር የአኳሪየሙ አካል ነው። እኔ ብሆን ከቁም ሣጥኑ በኩል 4፣ ከግድግዳው በኩል 10 አድርጌ እከፍለዋለሁ። አራቱ አየር እንዲያልፍና የቁም ሣጥኑ እንጨት እርጥበት ስቦ እንዳያብጥ ነው። በአሥሩ በኩል እጅ ከነጨርቁ ይገባል፣ ገመድና ጎማ ይወርዳል፣ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ፊልተር ከመረጡም ማረፊያው እዚያ ይሆናል። ከጥልቀቱ 40 ውስጥ ደግሞ አኳሪየሙ 30 ሲወስድ የቀረውን 10 ለሁለት እኩል አይክፈሉት፤ ሰባት ያህሉን ከኋላ፣ ሦስቱን ከፊት ያድርጉት። ከላይ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ባዶ ይሁን። ክዳኑ መነሳት፣ መረቡና ክንድዎ መግባት አለባቸው፤ እዚያ ግድግዳ ላይ መደርደሪያ ካለ ከአሁኑ ይንቀሉት።

ምንም ከመግዛትዎ በፊት ካርቶን ቆርጠው በ60 በ30 በ36 ልክ ሣጥን ይሥሩና ከመቆሚያው ከፍታ ጋር በሚመጣጠን ነገር ላይ አድርገው ቦታው ላይ ያኑሩት። ጥቂት ቀን አብረውት ይኑሩ። የቁም ሣጥኑ በር ሲከፈት ይነካዋል? ልጁ ሲሮጥ ክርኑ የሚያርፈው የት ነው? አልጋ ሲነጠፍስ? ከሰዓት በኋላ የመስኮቱ ፀሐይ ያርፍበታል? ፀሐይ የሚያርፍበት ከሆነ ውኃው ይሞቃል፣ መስታወቱም በአልጌ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ መጋረጃ መዝጋት ወይም ቦታ መቀየር ነው፤ ሌላ መድኃኒት የለውም።

አሁን ወደ ከፍታው እንምጣ፤ የንድፍዎ ዋና ችግር እዚህ ጋ ነው።

ውኃ መስታወትን የሚገፋው በብዛቱ ሳይሆን በጥልቀቱ ነው። ከላይኛው ጠርዝ አጠገብ ግፊቱ ከምንም አይቆጠርም፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ይጨምራል። በዚህ ምክንያት የውኃውን ከፍታ እጥፍ ሲያደርጉት የፊቱ መስታወት የሚሸከመው ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በእርስዎ ንድፍ ውኃው 57 ሴንቲ ሜትር ድረስ ቢሞላ የፊት መስታወቱን 120 ኪሎ ያህል ክብደት ሌት ተቀን ይገፋዋል። በባለ 60ው፣ ውኃው 32 ሴንቲ ላይ ሲቆም፣ የሚገፋው 31 ኪሎ ገደማ ነው። ጓደኛዎ የተረፈው ባለ 5 ሚሊ መስታወት ያንን 120 ኪሎ እንዲችል መጠየቅ የለበትም። ለዚያ ከፍታ 10 ሚሊና ከዚያ በላይ፣ ከላይም በአግድም የሚያስር የመስታወት ማጠናከሪያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለቤትዎ «ይፈነዳል» ሲሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚህ ንድፍ ላይ ከእሳቸው ጋር ነኝ።

ሌላም አለ። ከፍ ያለ አኳሪየም ለዓሣውም ለባለቤቱም አይመችም። አብዛኞቹ ትንንሽ ዓሦች የሚዋኙት ወደ ጎን ነው። ኦክስጅን ወደ ውኃው የሚገባው በላይኛው ገጽ በኩል ስለሆነ ጠባብና ከፍ ያለ ሣጥን ውኃ ይይዛል እንጂ በዚያው ልክ ዓሣ አያኖርም። የመብራቱ ብርሃንም ታች ያለው ተክል ጋ ሲደርስ ይደክማል። ከፍታው 60 ሴንቲ የሆነ ሣጥን 75 ሴንቲ መቆሚያ ላይ ቢወጣ ጠርዙ 1 ሜትር ከ35 ላይ ይሆናል፤ ታች የወደቀ ቅጠል ለማንሳት እስከ ብብትዎ ይነከራሉ።

ክብደቱን በቁጥር እናስቀምጠው። ርዝመት በወርድ በከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ1000 ሲያካፍሉ ሊትሩን ያገኛሉ፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። የእርስዎ ንድፍ 177.6 ሊትር ይመጣል፤ የመስታወቱ ውፍረትና ከላይ የሚጎድለው ተቀንሶ ወደ 160 ሊትር። መስታወቱ፣ ጠጠሩና መቆሚያው ሲጨመሩ ከ240 ኪሎ አያንስም። ባለ 60ው በተመሳሳይ ስሌት ውኃው 50፣ መስታወቱ 12፣ ጠጠሩ 13፣ መቆሚያው 20 ኪሎ ያህል ሆኖ በድምሩ 95 ኪሎ ገደማ ነው። ይህ አንድ ወፍራም እንግዳ መጥቶ እዚያ ጥግ ከቆመው አይበልጥም። የኮንክሪት ወለል ከሆነ ሐሳብ አይግባዎት። ወለሉ የእንጨት ከሆነ ግን ከሥር ወለሉን የተሸከሙት ወራጆች (አግዳሚ እንጨቶቹ) በየት በኩል እንደሚሄዱ ይወቁና አኳሪየሙ ርዝመቱን በእነሱ ላይ አቋርጦ፣ ግድግዳ ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ክብደቱ ከአንድ በላይ በሆኑ ወራጆች ላይ እንዲያርፍ ነው።

ትንሽ ክፍል ውስጥ የሚኖር ሰው ከክብደቱ ይልቅ ባልዲውን ማሰብ ያለበት ይመስለኛል። በየሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉ ይቀየራል። ከ50 ሊትር ሩቡ 12 ሊትር ተኩል ነው፤ አንድ ባልዲ። ከ160 ሊትር ሩቡ 40 ነው። አራት ባልዲ ቀድቶ በአልጋና በቁም ሣጥን መካከል አሳልፎ ማውጣት፣ ከዚያ አራት ባልዲ ሞልቶ መመለስ፣ ያውም ምንጣፍ ላይ ሳያፈስሱ። ለመጀመሪያው ወር ይደረጋል። ከዚያ በኋላ «የሚቀጥለው ሳምንት» እየተባለ ይቆያል፤ የሚጎዳው ዓሣው ነው።

ስለ አሮጌው አጭር ነገር ልበል። የሚያንጠባጥብ ማዕዘን ላይ ከውጭ ሲሊኮን መለጠፍ ብዙ ሰው ይሞክረዋል፣ አይሠራም። አዲስ ሲሊኮን በደረቀ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይጣበቅም። በትክክል ይጠገን ከተባለ የውስጡ ስፌት በሙሉ በምላጭ ተልጦ፣ በአሴቶን ተጠርጎ እንደ አዲስ መሞላት አለበት። ችግሩ በሁለቱ መስታወቶች መካከል ባለው ማጣበቂያ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሣጥኑን መፍታት ሊመጣ ነው። በዚያ ላይ የእርስዎ 70 ሴንቲ እዚያ ክፍተት ውስጥ ሲገባ በሁለት ወገን 2፣ 2 ሴንቲ ነው የሚተርፈው። በነፃ የመጣ ነገር ሁሉ አይወሰድም።

ወደ ሥራው። ራስዎ ከሠሩት በጣም ደስ የሚል ነገር ነው፤ ከባድም አይደለም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ልዩ ሙያ አይፈልግም። ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ዣን ቪልፕሬ ፓወር እ.ኤ.አ. በ1832 የባሕር እንስሳትን በሕይወት እያሉ ለማጥናት የመስታወት አኳሪየም ስትሠራ ሲሊኮን የሚባል ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላም ከመቶ ዓመት በላይ የአኳሪየም መስታወት የሚያያዘው በብረት ፍሬምና በፑቲ ነበር። ዛሬ ያለ ምንም ፍሬም አምስት ቁራጭ መስታወት እርስ በርሱ ተያይዞ ይቆማል።

መስታወቱ ባለ 6 ሚሊ ተራ መስታወት ይሁን። ለ60 በ30 በ36 ያለ ፍሬም የሚሠራ ሣጥን ይህ ውፍረት በቂ ነው። ጠንካራ ይሻላል ብለው «ቴምፐርድ» የሚባለውን አይዘዙ። እሱ አንዴ ከተጠናከረ በኋላ አይቆረጥም፤ ጠርዙ ላይ ክፉኛ ከተመታም አንድ ጥግ ሰንጥቆ አይተውም፤ በአንድ ጊዜ እንዳለ ይረግፋል። ከመስኮት የወለቀ አሮጌ መስታወትም ይቅር፤ ለዓይን የማይታይ ጭረት የስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

የቁርጡን ልክ ለጓደኛዎ እንዲህ አድርገው ይስጡት፣ በሚሊ ሜትር። የታችኛው አንድ ቁራጭ 600 በ300። ፊትና ኋላ ሁለት ቁራጭ፣ 600 በ354። ጎንና ጎን ሁለት ቁራጭ፣ 286 በ354። 354 የሆነው አራቱም ግድግዳዎች የሚቆሙት በታችኛው መስታወት ላይ ስለሆነ ከ360 ላይ 6ቱ ሚሊ ተቀንሶ ነው። ጎኖቹ 300 ሳይሆኑ 286 የሆኑት ደግሞ በፊትና በኋላ መስታወት መካከል ስለሚገቡ ነው፤ ሁለት ጊዜ 6 ሚሊ ተቀንሶ፣ ለሲሊኮኑ በየወገኑ አንድ አንድ ሚሊ ተትቶ። ይህችን ሂሳብ ረስቶ ጎኑን 300 ያስቆረጠ ሰው መስታወቱን ይዞ ተመልሶ ይሄዳል። ቁራጮቹን ሲረከቡ የታችኛውን ሁለት ሰያፍ በሜትር ይለኩ፤ ሁለቱም 67 ሴንቲ አካባቢ ሆነው እኩል ካልመጡ ማዕዘኑ ስኳድራ አልጠበቀም ማለት ነውና አይቀበሉ። ጎኖቹ ሁለቱ፣ ፊትና ኋላም ሁለቱ ተደራርበው ሲቆሙ ጠርዛቸው አንድ መሆን አለበት። ጠርዙ ሁሉ በትንሹም ቢሆን ተሞርዶ ይምጣ፤ ያልተሞረደ ጠርዝ ጣት ይቆርጣል።

ሲሊኮኑ ላይ አይቆጥቡ። የሚፈልጉት ለአኳሪየም ተብሎ የተጻፈበትን፣ ወይም ንጹህ ሲሊኮን ሆኖ ፀረ ሻጋታ ያልተጨመረበትን ነው። ለመታጠቢያ ቤትና ለኩሽና የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ሻጋታ የሚገድል መድኃኒት አለው፤ እሱ ዓሣም ይገድላል። «አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ጥሩው ነው» ሲባል ይሰሙ ይሆናል። ጥሩው እውነትም አቼቶ ይሸታል፤ ነገር ግን የመታጠቢያ ቤቱም ያው ሊሸት ይችላልና አፍንጫዎን ሳይሆን ጽሑፉን ይመኑ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ቱቦ ለዚህ ሥራ ይተርፋል።

ሥራውን በምትተኙባት ክፍል ውስጥ አይሥሩት። አሴቶኑ በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ ሽታውም ለልጅ አይሆንም። በረንዳ ወይም አየር የሚገባበት ሌላ ቦታ ይፈልጉ። የሚረዳዎ አንድ ሰው ይኑር፤ አራት እጅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ያለ ሲሊኮን በደረቁ አቁመው ያጋጥሙት። ሁሉም ቦታውን ማግኘቱን ካዩ በኋላ እያንዳንዱን ቁራጭ በወረቀት ፕላስተር ላይ «ፊት»፣ «ኋላ»፣ «ግራ»፣ «ቀኝ» ብለው ይጻፉበት፤ ሲሊኮኑ መድረቅ ሲጀምር ይኼ የቱ ነበር ማለት አይቻልም። ፕላስተሩንም ከአሁኑ አሥር አሥራ አምስት ቦታ ቆርጠው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ይለጥፉት። ከዚያ የሚጣበቁትን ጠርዞች በአሴቶን ይጥረጉ፤ ከተጠረገ በኋላ በጣት አይነካም፤ የጣት ቅባት ሲሊኮኑን ያስለቅቀዋል።

የታችኛው መስታወት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ይተኛ። በኋለኛው ጠርዙ ላይ ሳይቋረጥ አንድ መስመር ሲሊኮን ያስምሩ፤ ውፍረቱ 4 ሚሊ ያህል። የኋላውን መስታወት ያቁሙበት፣ ረዳትዎ ይያዘው። ቀጥለው ለግራው ጎን ከታችና ከኋላው ጋር በሚገናኝበት መስመር ሲሊኮን ያድርጉና ያስገቡት፤ አሁን ሁለቱ እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆማሉ፣ ከውጭ በፕላስተር ይሰሩት። ከዚያ ቀኙ፣ በመጨረሻ ፊቱ። ሲጫኑ አንድ ሚሊ ያህል ሲሊኮን መሐል ይቅር። ጠንክሮ እንዲይዝ ብለው ሙልጭ አድርገው ከጨመቁት የሚያያይዘው ነገር ራሱ ወጥቶ ያልቃል። ሲሊኮን ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ውስጥ ከላዩ መቆዳት ይጀምራል፤ ስለዚህ ይህ ሁሉ ያለ ወሬ ይሠራል። በመጨረሻ በውስጥ ማዕዘኖቹ ሁሉ ሌላ ቀጭን መስመር አድርገው ጓንት ባደረገ ጣት አንድ ጊዜ፣ ሳያቆሙ ከላይ እስከ ታች ይሳቡት። ደግመው አይንኩት። አላማረም ብሎ መልሶ የሚነካካ ሰው ያባብሰዋል፤ የደረቀ ትርፍ ኋላ በምላጭ ይላጣል።

ከዚያ አንድ ሳምንት ይተዉት። ሲሊኮን የሚደርቀው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። በማግስቱ ሲነኩት የጠነከረ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ነው። የአቼቶው ሽታ ጨርሶ ካልጠፋ ሳምንቱም አልበቃም ማለት ነው። ሲፈትኑትም ውጭ ወይም መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ደልዳላ ቦታ ላይ፣ ከሥሩ ፎም አንጥፈው ይፈትኑት። ከሥሩ ዙሪያውን ደረቅ ወረቀት ያድርጉ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ብትወጣ ወረቀቱ ላይ ትታያለች። አንድ ሦስተኛ ይሙሉ፣ ይጠብቁ፣ ይጨምሩ። ሞልቶ ሁለት ቀን ይቁም። ከዚያ ውኃውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ያንሱት፤ ውኃ ያለበትን አኳሪየም፣ ግማሽም ቢሆን፣ ማንቀሳቀስ መጋጠሚያውን ማላቀቅ ነው።

መቆሚያው ከመስታወቱ እኩል ትኩረት ይፈልጋል። አኳሪየም የሚሰነጠቅበት አንዱ ዋና ምክንያት መስታወቱ ቀጥኖ ሳይሆን መቆሚያው ጠማማ ሆኖ ነው። ውኃ ልክ በርዝመቱም በወርዱም በሰያፉም ያስቀምጡበት። የቺፕውድ ኮሞዲኖ ወይም ባለ መሳቢያ ሣጥን ይቅርብዎ፤ መሐሉ ቀስ በቀስ ይሰምጣል፣ እርጥበት ሲነካውም ያብጣል። የብረት እግር ላይ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ይበልጥ ያዋጣል። ያለ ፍሬም የተሠራ አኳሪየም ከሆነ ከሥሩ 5 ሚሊ ያህል ፎም ይነጠፍ፤ የተዘጋጀውን ከገዙና ከታች የፕላስቲክ ፍሬም ካለው ግን ፎም አያስፈልገውም። የመቆሚያውን ገጽ 70 ሴንቲ ቢያደርጉት በግድግዳው በኩል ለመረብና ለምግብ ማስቀመጫ ይተርፍዎታል።

ሶኬቱ ከአኳሪየሙ ሥር በቀጥታ አይሁን። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ ታጥፎ ይውጣ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውኃ ከዚያ ዝቅተኛ ቦታ ወለል ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። እጅ ከመንከርዎ በፊት ሁሉንም ይንቀሉ። ማሞቂያውን በተለይ ውኃ ከመቅዳትዎ በፊት አጥፍተው ትንሽ ይቆዩ፤ እየሠራ ከውኃ ውጭ ከቀረ የራሱ የማሞቂያው መስታወት ይሰነጠቃል።

የባለቤትዎ የድምፅ ሥጋት መፍትሔ አለው። የሚያስጨንቀው የአየር ፓምፑ ንዝረት ነው፤ የፓምፑ ድምፅ ራሱ ትንሽ ነው፣ የሚጎላው ከእንጨት ጋር ሲገናኝ ነው። ቁም ሣጥኑን እንዳይነካ አድርገው ቁራጭ ፎም ላይ ያስቀምጡት ወይም በገመድ ያንጠልጥሉት። ከውኃው በታች የሚቀመጥ ከሆነ ቱቦው ላይ ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ያስገቡ፤ መብራት ሲጠፋ ውኃ በቱቦው ተመልሶ እንዳይወርድ ነው። ጠርዝ ላይ በሚንጠለጠል ፊልተር የሚሰማው መንቆርቆር ደግሞ ውኃው ሲጎድል የሚመጣ ነው፤ ሲሞሉት ይጠፋል። የመስታወት ክዳን ያድርጉለት፤ ትነቱን ይቀንሳል፣ በትንሽ ክፍል ውስጥ ግድግዳው እንዳይወዛም ይረዳል። መብራቱ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ቢበራ ይበቃዋል፤ ከመኝታ በፊት ይጥፋ።

የቀረው የልጅዎ ጉዳይ ነው። ወርቃማ ዓሣ አይሆንም። ሱቅ ውስጥ የጣት ቁመት ሆኖ ይታያል እንጂ ተራው ዝርያ 20 ሴንቲ ሜትርና ከዚያም በላይ ያድጋል፣ ከአሥር ዓመት በላይም ይኖራል፤ ቆሻሻውም ብዙ ነው። ለሁለቱ 50 ሊትር ውኃ በጭራሽ አይበቃቸውም። ነገር ግን የ5 ዓመት ልጅ ስለ ዝርያ ግድ የለውም፤ የሚፈልገው ብርቱካናማ ቀለም ይመስለኛል። ፕላቲ የሚባለው ዓሣ 5 እና 6 ሴንቲ ሜትር ላይ ያበቃል፣ ብርቱካናማም ቀይም አለው፣ ጠንካራ ነው፣ ቀን ሙሉ ሲንቀሳቀስ ይውላል። አራት ወይም አምስት ወንድ ብቻ ይውሰዱ፤ ወንዱ ከሆዱ ሥር ያለው ክንፍ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ሳይሆን ቀጭንና ሹል ስለሆነ ይለያል። ሴት ከቀላቀሉ በጥቂት ወራት ውስጥ ጫጩቱን የሚያስገቡበት ያጣሉ። ኒዮን ቴትራም ለዚህ መጠን ይስማማል፤ እሱ ግን በመንጋ ካልሆነ ስለሚፈራ ከስድስት ባያንስ።

ዓሣው በመጀመሪያው ቀን አይገባም። ፊልተሩ ውስጥ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ የዓሣው ቆሻሻ አሞኒያ የሚባል መርዝ ሆኖ ውኃው ውስጥ ይቀራል። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። በየጥቂት ቀኑ ቅንጣት የዓሣ ምግብ ጣል እያደረጉ፣ በውኃ መመርመሪያ ሲለኩት አሞኒያውና ናይትራይቱ ከፍ ብለው ተመልሰው ዜሮ እስኪሆኑ ይጠብቁ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ሳይደረግበት አይገባም፤ አሳድሮ መጠቀም ለክሎሪን ይሠራል፣ ለክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ተዋህዶ ለሚሠራው የውኃ ማጽጃ) ግን አይሠራም። ልጅዎ ስድስት ሳምንት ባዶ ውኃ አያለሁ ብሎ እንዳያለቅስ ተክሎቹን በመጀመሪያው ቀን አብራችሁ ትከሉ። ከተክሎቹ ጋር ትንንሽ ቀንድ አውጣ ተደብቆ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ጉዳት የለውም፣ አይግደሉት፤ እስከዚያው የሚቆጥረው ነገር ይሆነዋል።